የክር ቀን

«የእኛ ቤት ሴቶች በልብ ነው የሚሄዱት» አለ ወንድሟ፣ ስልኩን በትከሻውና በጆሮው መሀል ሰንቅሮ። «እናታችንም፣ እህታችንም። ድንገት ነው፤ ብዙ ሥቃይ የለውም፣ ተመስገን ነው።» በርጩማ ላይ ቆሟል። ልብስ ሰፊዋ እግሩ ሥር ተንበርክካ፣ ለሠርግ የሚለብሰውን ሱሪ ጫፍ እያጠፈች በስፒል ትይዛለች። አምስት ስፒል በከንፈሮቿ መሀል ነክሳ ስለነበር አፏን መክፈት አልቻለችም። ብትችልም ትከፍተው እንደነበር እርግጠኛ አይደለችም። በስልኩ ማዶ የሙሽራው አባት አንድ ነገር ሲጠይቅ ተሰማት፤ ወንድሟ ሳቀ። «ሌላማ ምን አለብን ጌታዬ! ዘራችን እንደ ምንጭ ውሃ የጠራ ነው። ልጅቷን እንደሆነ አይተዋታል፤ ጤና ማለት እሷ ናት።»

ስልኩን ዘግቶ ቁልቁል አያት። ታላቋ ነው። ቤተሰቡ ከኋላው «ሊቀመንበሩ» ይለዋል፤ ነገር ሁሉ እሱ ጋ ተከፍቶ እሱው ጋ ስለሚዘጋ። ሙሽራዋ የሟች እህታቸው ልጅ ናት። አባቷ ሌላ ትዳር ይዞ ከራቀ ወዲህ ከገዛ ሴት ልጆቹ ጋር አንድ ማዕድ አቅርቦ፣ የትምህርት ቤቷን ከፍሎ ያሳደጋት እሱ ነው። ይህን ማንም አይክደውም፤ እሱም ማንም እንዲረሳው አይፈቅድም።

«ሰምተሻል አይደል? አንቺም ብትጠየቂ እንደዚያው ነው።»

ስፒሎቹን አንድ በአንድ ከአፏ አወጣች። «ወንድም ጋሼ፣ እማዬ እኮ በልብ አልሞተችም።»

«ልቡ ሳይቆም የሞተ ሰው እስኪ አሳዪኝ።»

በራሱ ቀልድ ፈገግ አለና፣ ፊቷን ሲያይ ፈገግታውን መልሶ ዋጠው። ሠርጉ አሥራ ሁለት ቀን እንደቀረው፣ ሰዎቹ ጠርጣሮች እንደሆኑ፣ ልጅቷ ወግ ማዕረግ ካየች በኋላ እሱ ራሱ አስቀምጦ እንደሚነግራት አስረዳት። «ይህ ነገር ተዘግቷል» አለ። ከበርጩማው ወርዶ ሱሪውን ሲቀይር፣ ከስፌት መኪናው ጎን ያስቀመጠችውን የሐኪም ቤት ካርድ አየ። «ዛሬ ደግሞ ቀጠሮሽ ነው? በይ መሀረብሽን ወደ ፊት ሳብ አድርጊው። የሙሽራው አክስት እዚያ ሰፈር ነው የምትሠራው።»

ነገሩ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ታላቅ እህቷ የጡት ካንሰር ይዟት፣ በሠላሳ ዘጠኝ ዓመቷ፣ ልትሞት ጥቂት ሳምንት ሲቀራት ሐኪሙ ደሟን አስመረመረና፣ በሽታው በዚህ ቤት ከወላጅ ወደ ልጅ የሚወርድ መሆኑን ተናገረ። እናታቸውን በአርባ ስድስት ዓመቷ የወሰዳትም እሱው ነበር። የወረሰው ሁሉ ይታመማል ማለት አይደለም፤ ግን ከሌላው ሰው ይልቅ በጣም ያሰጋዋል፤ መውረስ አለመውረሱ ደግሞ ለእያንዳንዱ ልጅ ሳንቲም እንደ መወርወር ነው። ልብስ ሰፊዋ ተመረመረች። ሳንቲሙ በክፉ ጎኑ ወደቀባት። ያን ጊዜ አንድ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ይወዳት ነበር፤ ሳትደብቅ ነገረችው። እጇን ይዞ «አብረን እንወጣዋለን» አላት፤ «ሐሙስ እመጣለሁ» ብሎም ሄደ። የሐሙሱን ቁጥር መቁጠር ከተወች ቆየች። ስለዚህ ወንድሟ «ልጅቷ ገና ልጅ ናት፣ አሁን አይነገራት» ሲላት፣ የመናገርን ዋጋ ከማንም ይልቅ የምታውቀው እሷ ስለነበረች እሺ አለች። ከዚያ «ፈተናዋን ትጨርስ» ተባለ። ከዚያ «ትመረቅ» ተባለ። አሁን «ትዳር» ተባለ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ እንዲሉ፣ ከትዳሩ በኋላ ልጅ፣ ከልጁ በኋላ ሁለተኛ ልጅ እንደሚመጣ ሁለቱም ያውቃሉ። ሐኪሙ ግን ያን ጊዜውኑ፣ ልጅቷ ሃያ አምስት ዓመት ሳይሞላት ክትትል ትጀምር ብሎ ነበር። ሃያ አራት ከመንፈቅ ሆኗታል።

ወደ ሐኪም ቤት የምትሄድበትን ቀን በቤት ውስጥ «የክር ቀን» ይሉታል። ለልጅቷ የነገረቻት እንዲያ ብላ ነው፤ ክር ልትገዛ ራቅ ወዳለ ገበያ እንደምትሄድ። ውሸቱ ውሸት ሆኖ በፈጣሪ ፊት እንዳይቆጠርባትም ስትመለስ ሁልጊዜ አንድ ጥቅል ክር ትገዛለች። ደንበኛ የማይጠይቀውን ቀለም ጭምር ገዝታለች፤ የተቀቀለ እንቁላል አስኳል የመሰለ ቢጫ፣ ዝገት የመሰለ ቡና ዓይነት። የመኪናው የታችኛው መሳቢያ በእነዚህ ክሮች ተሞልቷል።

የሐኪም ቤቱ መተላለፊያ እስከ ትከሻ ድረስ አረንጓዴ ቀለም፣ ከዚያ በላይ ነጭ ተቀብቷል። ነጩ ላይ ተደግፈው የሚጠብቁ ሰዎች ራስ ያሳረፈው ወዝ፣ በተርታ የተሰቀሉ ክብ ክብ ሥዕሎች መስሎ ይታያል። አሥራ አራት ቁጥር ክፍል ፊት ለፊት አንድ ረጅም የብረት አግዳሚ ወንበር አለ። ልብስ ሰፊዋ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በየስድስት ወሩ የተቀመጠችው እዚህ ላይ ነው፤ ከሦስት ሴቶች ጋር። አንዷ ጡረታ የወጣች መምህርት፣ አንዷ አውቶቡስ ላይ ቲኬት ቆራጭ፣ አንዷ ሁሉም «ሳቂታዋ» የሚሏት ፀጉር ሠሪ ናቸው። በአጋጣሚ አንድ ቀን ተገናኝተው፣ ኋላ ቀጠሯቸውን ራሳቸው እያገጣጠሙ አንድ ላይ መምጣት ጀመሩ። ቀድማ የደረሰችው ቦርሳዋን፣ መሀረቧን፣ ጃንጥላዋን ወንበሩ ላይ ዘርግታ ለቀሩት ቦታ ትይዛለች፤ ይህን ሕግ የደነገገችው መምህርቷ ናት። ለእህት ለወንድም የማይነገረው ሁሉ እዚያ ወንበር ላይ ይነገራል። ማን ሌሊት ብብቷን ስትዳስስ እንደምታድር፣ የማን ባል ጀርባውን እንደሰጣት፣ ማን ሁለቱንም ጡት አስቆርጣ ልገላገል ብላ ማን እንደከለከላት። የሚሰጡት ምክር ብዙ አይደለም። ከምክሩ ይልቅ የሚያጽናናው፣ የምታወሪው ነገር ለማንኛዋም አዲስ አለመሆኑ ነው።

ዛሬ ሳቂታዋ አልመጣችም። ከቲኬት ቆራጯና ከመምህርቷ መሀል የአንድ ሰው ስፋት ቦታ ክፍት ነው፤ መምህርቷ ጃንጥላዋን አጋድማበታለች። ልብስ ሰፊዋ ጃንጥላውን አይታ መምህርቷን አየች። መምህርቷ ራሷን በቀስታ ነቀነቀች። ካረፈች ሦስት ሳምንት ሆኗታል አለች ቲኬት ቆራጯ፤ ተራ ቁጥር እንደምትናገር ያህል፣ ድምጿን ሳትለዋውጥ። ቆመው የሚጠብቁ ሰዎች ክፍቱን ቦታ ቢያዩም፣ ጃንጥላውን አንሺው ብሎ የጠየቀ የለም።

«እኛ እኮ የዕድሜ ልክ ተማሪዎች ነን» አለች መምህርቷ ኋላ፣ መነጽሯን በቀሚሷ እየወለወለች። «በየስድስት ወሩ ፈተና አለ። ምረቃ የለ፣ መውደቅ ብቻ።» ሳቁ፤ ሳቂታዋ ብትኖር ከሁሉም አብልጣ ትስቅ ነበር። ልብስ ሰፊዋ ጠዋት የሰማችውን ነገረቻቸው። ቲኬት ቆራጯ ወንድምየውን ረገመችው። መምህርቷ አልረገመችውም። የራሷ ልጅ ነገሩን ስትሰማ ሁለት ዓመት ሙሉ እንዳላናገረቻት አስታወሰቻት። «በሩን ዘጋችብኝ። አልቅሼም፣ ሰው ልኬም አልሆነም። ያን ጊዜ ራሴን ያጽናናሁት በአንድ ነገር ብቻ ነው፤ የሞተ ሰው አይቆጣም። ትቆጣ፣ ብቻ ትኑር።»

የካርድ ክፍሏ ሠራተኛ በጠባቡ መስኮት ስሟን ጠራችና ፋይሏን አወጣች። እዚያ ሐኪም ቤት ይህ በሽታ በዘር የሚወርድባቸው ሰዎች ለየብቻ ካርድ የላቸውም፤ አንድ ቤተሰብ አንድ ወፍራም ፋይል ነው። የመጀመሪያው ገጽ ላይ የቤተሰቡ ሐረግ ተሥሏል። ሴቶቹ ክብ፣ ወንዶቹ አራት ማዕዘን ናቸው። ታሞ የሞተው ይጠቁርና በላዩ መስመር ይሰመርበታል። ልብስ ሰፊዋ ገጹን እንደ መዳፏ ታውቀዋለች። እናቷ ጥቁር ክብ፣ እህቷ ጥቁር ክብ፣ እሷ ግማሿ የጠቆረ ክብ፤ ከእህቷ ሥር ደግሞ ውስጧ የጥያቄ ምልክት ያለባት ትንሽ ክብ። ወንድሟ ምንም ያልተጻፈበት አራት ማዕዘን ነበር። ዛሬ ግን በአራት ማዕዘኑ ሥር በሰማያዊ እስክሪብቶ «ተመርምሯል፣ ነፃ» የሚል ጽሑፍና ከአራት ወር በፊት የተጻፈ ቀን አየች። ከእሱ ሥር ያሉት የሁለቱ ሴት ልጆቹ ክቦችም «አያሰጋቸውም» ተብሎባቸዋል።

«ወንድምሽስ ደህና ናቸው?» አለች የካርድ ክፍሏ ሠራተኛ፣ ዓይኗ ጽሑፉ ላይ መቆየቱን አይታ። ለሌላ ሰው ቢሆን ትንፍሽ አትልም ነበር፤ ፋይሉ አንድ ስለሆነ ቤቱም አንድ መስሏት ነው። «እንዴት ያለ አባት ናቸው! ‹ልጆቼን ሳላውቅ አልድርም› ብለው መጡ። ነፃ ነዎት ሲባሉ እዚህ መስኮት ሥር ተቀምጠው እንደ ሕፃን አለቀሱ። የእህታቸውን ልጅ ይዤ እመጣለሁ ብለው ነበር፤ እስካሁን አላመጧትም። አንቺ እንኳ አስታውሺያቸው።»

ልብስ ሰፊዋ «እሺ» አለች። ሐኪሟ የራጅ ፎቶውን በመብራቱ ፊት ይዛ፣ ጡቷንና ብብቷን በቀዝቃዛ ጣቶቿ ዳስሳ «ደህና ነሽ፣ ከስድስት ወር በኋላ» ስትላት እንኳ ተመስገን ማለቷን ያስታወሰችው ደረጃውን ከወረደች በኋላ ነው። የደስታዋን ቀን ወንድሟ ነጠቃት። ሲፈራ ብታየው ኖሮ ትራራለት ነበር፤ መፍራትን ማን እንደሷ ያውቃል! እሱ ግን ፈርቶ መጣ፣ ለልጆቹ አልቅሶ ሄደ፤ እንባውን ጠርጎ ቤቱ ሲገባም ወላጅ ለሌላት ልጅ አንዲት ቃል አላተረፈላትም። እንዲህ እያሰበች ክር መሸጫው በር ላይ ደረሰች። ነጭ ክር ጠየቀች። ሻጩ በስድስት ወር ውስጥ ዋጋው አንድ ሦስተኛ መጨመሩን፣ ጥፋቱ የእሱ አለመሆኑን ነገራት። እሷም የማንም ጥፋት አይደለም ብላ ከፈለች። ያን ቃል ራሷ ስትናገረው ጆሮዋ ላይ አቃጨለባት። የእሱስ ይሁን፣ የእኔስ? ብላ የጠየቀችው ያኔ ነው፤ መልሱን ግን እስከ ቤቷ አላሰበችውም።

ልጅቷ ቀሚሷን ለመጨረሻ ጊዜ ልትለካ የመጣችው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው፤ ከአጎቷ ሚስት ጋር። የወንድም ሚስት ክፉ ሴት አይደለችም፤ ባሏ «ብቻቸውን አትተያቸው» ስላላት ነው የመጣችው፤ ያንንም መደበቅ አልቻለችበትም። ቤቱ አንድ ክፍል ነው። ፊት ለፊቱ ሱቅ፣ ከኋላ አልጋና ምድጃ፤ በመሀል በሽቦ ላይ የተንጠለጠለ ወፍራም መጋረጃ። ልብስ የሚለካው ከመጋረጃው ጀርባ፣ በአልጋውና ጥጉ በተሰነጠቀው መስታወት መሀል ቆሞ ነው። የወንድም ሚስት ሻይዋን ይዛ ከመጋረጃው ወዲህ ተቀመጠች፤ ስለ አዳራሹ ወንበር፣ ስለ አበባው ውድነት፣ የሙሽራው እናት ስለ መረጠችው አስቀያሚ ቀለም ማውራቷን ቀጠለች።

«ዛሬ የክር ቀን ነበር አይደል?» አለች ልጅቷ እጆቿን ወደ ላይ ዘርግታ። «ምን ቀለም አመጣሽልኝ አክስቴ?»

«ነጭ።»

«ለኔ ነዋ!»

ቀሚሱ ያምራል። ልብስ ሰፊዋ ከውስጥ በኩል በስፌቱ ግራና ቀኝ የሁለት ጣት ስፋት ጨርቅ ትርፍ ትታለታለች፤ ለማንም ስትሰፋ እንዲህ ነው፣ ሰው ይወፍራል ይከሳል ብላ። የእህቷን የመጨረሻ ቀሚሶች ያጠበበቻቸው በዚያ ትርፍ ነበር፤ በየሳምንቱ አንድ ጣት። አሁን በልጅቷ ብብት ሥር ጨርቁን በስፒል ስትይዝ ጣቶቿ ዘገዩ። ቆዳዋ ሞቃት ነው። ልጅቷ «አትኮርኩሪኝ» ብላ ሳቀች። ሳቋ የእናቷ ነው።

«አትንቀሳቀሺ» አለች ልብስ ሰፊዋ። ከዚያ፣ ከመጋረጃው ወዲያ እንዳይሰማ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ ነገረቻት። የእናቷ በሽታ ድንገተኛ ክፉ ዕድል እንዳልነበረ። አያቷን የገደለው ልብ እንዳልነበረ። የሚወርድ ነገር እንደሆነ፣ ለእሷም ወርዶ ወይም ሳይወርድ ሊሆን እንደሚችል፣ ይህን የሚለይ ምርመራ እናቷ በታከመችበት ሐኪም ቤት እንዳለ። ራሷ እንዳለባት። ወርዶባት ቢሆን እንኳ አስቀድሞ ካወቁት መኖር እንደሚቻል፤ እሷም በየስድስት ወሩ እየታየች እስካሁን እንደኖረች። ከመጋረጃው ወዲህ የአበባው ወሬ ይቀጥላል። «…አንዱ እቅፍ ይህን ያህል! ሲደርቅ ለፍየል የማይሆን ነገር…» ልጅቷ እጆቿን እንደዘረጋች ቀረች። ቀሚሱ ዙሪያውን በስፒል ተይዟል፤ ብትነቃነቅ ይወጋታል።

«አጎቴ ያውቃል?»

ልብስ ሰፊዋ ለዚህ ጥያቄ ቀኑን ሙሉ ስትዘጋጅ ውላለች። መስኮቱን፣ እንባውን፣ ሰማያዊውን ጽሑፍ ልትነግራት ነበር። «ያውቃል» ብላ ስትጀምር ግን ልጅቷ አላስጨረሰቻትም።

«አንቺስ? ካወቅሽ ስንት ጊዜሽ ነው?»

«ዘጠኝ ዓመት።»

ልጅቷ በመስታወቱ ውስጥ አየቻት። ስንጥቁ በሁለቱ ፊት መሀል ያልፋል። «አብሬሽ ልሂድ እልሽ ነበር» አለች በሹክሹክታ። «አሥራ ስድስት ዓመቴ ሆኖ ለምኜሽ አውቃለሁ። ክር ለመግዛት ልጅ አይወሰድም አልሽኝ።» ዓይኗ ወደ ስፌት መኪናው መሳቢያ፣ መጋረጃው ወደ ሸፈነው አቅጣጫ ሄደ። «ስንት ጥቅል አለ እዚያ ውስጥ?»

«አሥራ ስምንት። ከዛሬው ጋር።»

«አሥራ ስምንት ጊዜ ከዚያ ሐኪም ቤት ተመልሰሽ አየሽኝ።»

ወንድሟን ብታነሳ፣ ሐሙስ እመጣለሁ ብሎ የቀረውን ሰው ብታነሳ፣ ሁሉም እውነት ነው፤ አንዱም ግን መልስ አይሆንም። ይቅርታ ልትል አፏን ስትከፍት የወንድም ሚስት ከወዲያ «ምነው ዝም አላችሁ?» አለች። ያኔ ልጅቷ ፊቷን ወደ መጋረጃው አዙራ «ልኩ ነው እትዬ! ምንም የሚነካ ነገር የለውም» አለች፤ ጥርት ባለ፣ በተረጋጋ፣ ሳቅ በተቀባ ድምፅ። ልብስ ሰፊዋን ከሁሉ ይልቅ ያሳመማት ይህ ነው። ያ ድምፅ የወንድሟ የስልክ ድምፅ ነበር። ልጅቷን ቤቱ ምንም ሳይነግራት እንዴት እንደሚደበቅ ግን አስተምሯታል።

ስፒሎቹን ራሷ ነቅላ አልጋው ላይ አስቀመጠቻቸው። ሲሄዱ የወንድም ሚስት ሳመቻት፤ ልጅቷ ግን በሩን አልፋ ነበር።

አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ወንድሟ ደወለ። ልጅቷ ቤት ገብታ፣ ፊት ለፊቱ ቆማ፣ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቃዋለች፤ ምን እንደሆነ አልነገራትም። ጮኸ። ሠርጉ ቢፈርስ ደሙ በእጅሽ ነው አለ፤ የቆጡን አወርድ ብለሽ የብብትሽን ጣልሽ አለ። እስኪደክመው ጠበቀችው። «ፋይላችን አንድ ነው ወንድም ጋሼ» አለችው። «ከሥርህ የተጻፈውን አይቻለሁ።» ስልኩን የዘጋው እሱ ነው፤ «ተዘግቷል» ሳይል የዘጋው ለመጀመሪያ ጊዜ ነበር። ደስ ይላት መስሏት ነበር፤ አላላትም። እህቷም እናቷም የሌሉበት ዓለም ላይ የቀራት አንድ ወንድም ነው።

መብራት አብርታ በስፒል የተያዘውን ነጭ ቀሚስ መስፋት ጀመረች። ይለበስ አይለበስ አታውቅም፤ የተጀመረ ስፌት ግን አያስተኛትም። መርፌው ሲወርድ ሲወጣ የምታውቃትን ጸሎት በልቧ ትደግማለች፤ ዛሬ ቃሎቹ እየተደናቀፉባት መሀል ላይ ቆማ እንደገና ትጀምራለች። አንድ ሰዓት አካባቢ ስልኳ መኪናው ላይ ተንቀጠቀጠ። ከልጅቷ የመጣ አጭር መልእክት ነው። «ስንት ቁጥር ክፍል ነው? ነገ ጠዋት እሄዳለሁ። አንቺ እንዳትመጪ።»

ሦስት ጊዜ አነበበችው። «አሥራ አራት» ብላ መለሰች፤ ሌላ ቃል ልትጨምር ጣቷ ቁልፎቹ ላይ ሲያመነታ ቆይቶ ተወችው። ከዚያ መምህርቷ ጋ ደወለች። ነገ አንዲት ልጅ አሥራ አራት ቁጥር ፊት ለፊት እንደምትመጣ ነገረቻት። ብቻዋን እንደምትሆን፤ የት እንደምትቀመጥ እንደማታውቅ፤ በመስኮቱ ማን እንደሚጠራ፣ ፋይሉ ሲከፈት ምን እንደምታይ የሚነግራት ሰው እንደሌላት። የማን ልጅ እንደሆነች ማወቃቸውን እንዳይነግሯትም አደራ አለቻት።

«ነገ እኮ ቀጠሮ የለኝም» አለች መምህርቷ።

«አውቃለሁ።»

በስልኩ ውስጥ የሆነ ቤት ራዲዮ ይሰማል፤ አንድ ሰው ድምፁን ቀነሰው። ወንበር ሲጎተት ተሰማት።

«ጃንጥላዬን ይዤ በጠዋት እወጣለሁ» አለች መምህርቷ። «በምን ልለያት? ምን ትለብሳለች?»

ልብስ ሰፊዋ ከሕፃንነቷ ጀምሮ የልጅቷን ልብስ ሁሉ በእጇ ሰፍታለች፤ ቁልፉን፣ ጠርዙን፣ በየስፌቱ ውስጥ የተወችውን ትርፍ በቃሏ ታውቃለች። ነገ የትኛውንም እንደማትለብሰው አሰበች።

«በቁጣዋ ታውቂያታለሽ» አለች።